ለቤተሰብ ሳይክል የቱን ዕቃ ልግዛ ለምትሉ፦ ከብራንዱ በፊት ቁጥሩን አንብቡ (ጥቆማ)

እኛ ቤት አራት ማውንቴን ባይክ አለ፣ የኔ፣ የባለቤቴ፣ የትልቋ ልጃችንና የትንሹ፣ አራቱንም የምጠግነው እኔ ነኝ። ሰው ሁሌ "የቱ ብራንድ ይሻላል?" እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ባጭሩ ፍሬን ላይ አትቆጥቡ፣ ሌላውን ግን ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌው ዕቃ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፣ ምክንያቱም አብዛኛው የሳይክል ዕቃ የታወቀ ልክ አለው።

ከኩሽኔታ ልጀምር፣ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ብር የሚያወጣው እዚህ ጋ ስለሆነ። ባለቤቴ ቁልቁለት ስትወርድ ከኋላ ጎማዋ የሚንገራገር ድምፅ ትሰማለች፣ እኔ ደግሞ ከጎማው ሽቦዎች አንዱ የላላ መስሎኝ ሁለት ቀን እሱን ስፈልግ ከረምኩ። "ከመሀሉ ነው እኮ የሚመጣው" አለችኝ። ጎማውን አውጥቼ መሀሉን በጣቴ ሳዞረው ውስጡ አሸዋ የገባ ይመስል ይቆረቁራል፣ እውነቷን ነበር። አንድ ጥገና ቤት ሙሉውን ጎማ ቀይር አሉኝ። ፈትቼ ሳየው ግን ኩሽኔታው ሽፋን ላይ 6902 ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ቁጥር የማንም ካምፓኒ አይደለም፣ የውስጥ ቀዳዳው 15፣ የውጩ ስፋት 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሜ ማለት ነው፣ ማንም ፋብሪካ ይስራው ያው ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ቀዳዳውን ይነግሯችኋል፦ 00 ከሆነ 10 ሚሜ፣ 01 ከሆነ 12፣ 02 ከሆነ 15፣ 03 ከሆነ 17፣ ከ04 ጀምሮ በ5 እያባዛችሁ ነው። ከኋላው 2አርኤስ (2RS) የሚል ካለ በሁለቱም በኩል የጎማ መሸፈኛ አለው፣ ዜድዜድ (ZZ) ካለ መሸፈኛው ብረት ነው። ለጭቃና ለውሃ የጎማውን ውሰዱ። ስለዚህ የሳይክል ዕቃ የሚሸጥ ቦታ ብቻ አትፈልጉ፣ የማሽን ኩሽኔታ የሚሸጥ ጋ ሄዳችሁ በቁጥሩ ጠይቁ። ስታስገቡት ግን የውጩን ቀለበት ብቻ ነው መግፋት ያለባችሁ፣ የውስጡን ከመታችሁ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና አዲሱን ገና ሳይሠራ ትገሉታላችሁ። እኔ በረጅም ብሎን፣ በዳዶና የውጩን ቀለበት በሚያክል ሮንዴላ ቀስ እያልኩ እያጠበቅኩ ነው የማስገባው፣ መዶሻ አልነካም።

ወደ ፍሬን። በካቦ የሚሳብ የዲስክ ፍሬንና በዘይት ግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን የቱ ይሻላል ለምትሉ፣ ለልጅና ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው የዘይቱ፣ ሌላ ምንም አልልም። በትንሽ ኃይል ይይዛል፣ ሸራው እያለቀ ሲሄድም ራሱን ያስተካክላል። የካቦው ጥቅሙ መንገድ ላይ በአለን ቁልፍ መጠገኑ ነው፣ ግን በየጊዜው ማጥበቅ ይፈልጋል፣ ካቦው ሲዝግም ይከብዳል። ዘይቱ ላይ ተጠንቀቁ፦ ሺማኖ ሚኒራል ዘይት ነው የሚጠቀመው፣ ስራም (SRAM) የሚባለው ካምፓኒ ሞዴሎች ደግሞ ብዙዎቹ ዶት (DOT) የሚባለውን የፍሬን ፈሳሽ ነው የሚጠቀሙት፣ አንዱን በሌላው ቦታ ካደረጋችሁ ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ይበላሻሉ። በጣት የሚያዘው የፍሬን ማንሻ ወይም የዘይቱ ክዳን ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ዶት ቀለም ይልጣል፣ ከአየር እርጥበትም ይስባል፣ ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀሙ።

ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረኝ የትልቋ ልጄ እጅ ነው። ፍሬኑ አዲስ ነው፣ ዘይቱ ጥሩ ነው፣ ልጅቷ ግን ቁልቁለት ላይ ትፈራለች። አንድ ቀን መሪውን አስይዣት እጇን ሳየው ማንሻው ጋ ለመድረስ አውራ ጣቷን ከመሪው ትለቃለች፣ ማለት ፍሬን በያዘች ቁጥር መሪውን እየለቀቀች ነበር! ማንሻው ጎን ትንሽዬ ብሎን አለች፣ እሷን እያዞርኩ ማንሻውን ወደ መሪው አቀረብኩት፣ የጠቋሚ ጣቷ የመጀመሪያው መታጠፊያ ማንሻው ላይ እስኪያርፍ። "አባዬ በአንድ ጣት ያዘልኝ!" አለች። ምንም አልገዛንም። ለልጅ ሳይክል ስትመርጡ ይሄ ማስተካከያ ብሎን ያለውን ፍሬን ምረጡ።

የፍሬን ሸራ ሬዚን የሚባለው ድምፅ አያበዛም፣ ሳይሞቅም ይይዛል፣ ጭቃና ዝናብ ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። የብረቱ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ሙቀትም ይችላል፣ ግን ይጮሃል። ዲስኩ ላይ ለሬዚን ሸራ ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ የብረቱን አትግጠሙ፣ ዲስኩን ይበላዋል። አዲስ ሸራ ስትገጥሙ ወደ 20 ጊዜ ያህል ትንሽ ፍጥነት እየያዛችሁ ጎማው ሳይቆልፍ ፍጥነቱን ቀስ አድርጋችሁ በፍሬን አብርዱት፣ ያለዚያ በደንብ አይዝም። የካቴና ዘይት ደግሞ ዲስክ አጠገብ በጭራሽ አትርጩ።

ካቴና ላይ ሰው "ተለጠጠ" ይላል፣ ብረቱ አይለጠጥም፣ ፒኖቹ ናቸው የሚበሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ማስመሪያ ትይዛለች እኔ ካቴናውን ወጥሬ እይዛለሁ፦ ከአንድ ፒን መሀል ተነስታችሁ 24 ክፍል (ከፒን እስከ ቀጣዩ ፒን አንድ ክፍል ነው) ስትቆጥሩ አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሜ ነው የሚመጣው። 1.5 ሚሜ ከጨመረ ለ11 እና ለ12 ማርሽ መቀየሪያው ደርሷል፣ ለ10 እና ከዛ በታች እስከ 2.3 ሚሜ መጠበቅ ይቻላል። ካሳለፋችሁት የማርሹንም ጥርስ ይበላዋልና ሁለቱንም ትገዛላችሁ። ብራንድ፣ እስከ 10 ማርሽ ኬኤምሲም ሺማኖም ስራምም ጥሩ ነው፣ የማርሹ ቁጥር ይግጠም እንጂ። 12 ላይ ግን ከካሴቱ (ከኋላ ማርሾቹ) ጋር የሚሄደውን ውሰዱ፣ አሠራራቸው ይለያያል።

ጎማ ስትገዙ በኢንች አትመኑ፣ ጎኑ ላይ በሚሊሜትር የተጻፈውን የውስጥ ስፋት እዩ። የማውንቴን 26 ኢንች 559 ነው፣ 27.5 ደግሞ 584፣ 29 ደግሞ 622። 26 ተብሎ 590 የሆነ ጎማም አለ፣ አይገባላችሁም። የልጆቹ 20 ብዙ ጊዜ 406፣ 24 ደግሞ 507 ነው። ከመነዳሪ የሌለው ቲዩብለስ ለኔ ተመችቶኛል፣ እሾህ ሲወጋው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ራሱ ይደፍነዋል፣ ግን ፈሳሹ በጥቂት ወር ይደርቃልና ለሚቆም የልጅ ሳይክል ከመነዳሪው ይሻላል።

ጥገና ቤትስ? ሸራ፣ ካቴና፣ ከመነዳሪ፣ ካቦ ቤት ሥሩት። የፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ውስጡን፣ ፍሬም ላይ የብሎን ጥርስ ማውጣትንና የተጣመመ ጎማ ማቅናትን ለባለሙያ ስጡ። ሲመርጡ ሰውየው የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መሪ የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች ላይ ልካቸው ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ በግምት የሚያጠብቅ ሰው ይሰነጥቀዋል። እኔ አንዴ የሰጠሁት መካኒክ የግራውን ፔዳል እንደ ቀኙ መስሎት በኃይል አዙሮ የክራንኩን (ፔዳሉ የሚገጠምበትን ክንድ) ጥርስ ጨረሰው። የግራ ፔዳል ጥርሱ በተቃራኒ ነው! ለመፍታት በሁለቱም በኩል ቁልፉን ከላይ ይዛችሁ ወደ ኋላ ጎማ አዙሩ፣ ለመግጠም ወደ ፊት፣ ግራሶ ቀብታችሁ መጀመሪያ በእጃችሁ አስገቡት።

የትንሹን ፔዳል ስትገዙ 1/2 ይሁን 9/16 ኢንች አረጋግጡ፣ አንዳንድ የልጅ ክራንክ 1/2 ነው። ጥያቄ ያላችሁ አሮጌው ዕቃ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉልኝና ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እመልሳለሁ።