ሚኒ ኩፐር ኤስ ስረግጠው ይቆራርጣል፤ ነዳጅ ልጨምርለት?

የዴንቨሩ፦ ጤና ይስጥልኝ። 2005 ሚኒ ኩፐር ኤስ አለኝ፣ ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ) ያለው። ዴንቨር ከፍታው 1,600 ሜትር ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበት አነሰኝ ብዬ ከሁለት ወር በፊት የሱፐርቻርጀሩን ፑሌጃ (ቀበቶው የሚያዞረውን ክብ) በ15 በመቶ አሳነስኩት። ቀስ ብዬ ስነዳ ምንም አይልም። በደቂቃ ከ4,000 ዙር በላይ ግጥም አድርጌ ስረግጥ ግን ይቆራርጣል፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። ኮዱ ፒ0302 እና ፒ0303 ነው፤ 2ኛውና 3ኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥሉም ማለት ነው። ስካነሩ ደግሞ ነዳጅ አንሷል ይላል። ቱን የሚያደርግልኝ (የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክልልኝ) ልጅ ነዳጅ እንጨምር አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ቤንዚነኛው፦ 85 ኦክቴን፣ ደረጃው ዝቅ ያለውን ቤንዚን እየሞላህ እንዳይሆን? ኮሎራዶ ርካሹ እሱ ነው።

የዴንቨሩ፦ ኧረ 91 ነው። በሱ አልቀልድም።

ጋሽ ካንዴላ፦ ልጄ፣ ነዳጁን ለጊዜው ተወው። የዚህ መኪና ቦቢና (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሲያዩት አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሁለት ጥቅል አለ። ሲሊንደር 1 እና 4 በአንዱ፣ 2 እና 3 በሌላው ይሠራሉ። ኮድህን እስቲ እንደገና እየው! ኤሌክትሪኩ በአንዱ ካንዴላ ሄዶ በሌላው ነው የሚመለሰው፤ አንድ ሽቦ ሲበላሽ ሁለቱም ይታመማሉ። ፑሌጃው ሲያንስ ሱፐርቻርጀሩ ይፈጥናል፣ አየሩም ይበልጥ ይታመቃል፣ በታመቀ አየር ውስጥ ደግሞ ብልጭታው መዝለል ይከብደዋል። ቀስ ስትል የማይታወቅህ ለዚህ ነው። ሳይቃጠል የቀረው አየር በጭስ ማውጫው ሲወጣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል። እሱን አምነህ ብትጨምር ካታሊስትህን (የጭስ ማጣሪያህን) ነው የምታቃጥለው። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩ እየሠራ ሽቦዎቹ ላይ ትንሽ ውሃ ንፋ። ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ አገኘኸው። እጅህን ግን አታስጠጋ።

ባለ ሚኒው፦ እኔም ፑሌጃ ስቀይር ያው ነበር። አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ (ሙቀት ቶሎ የሚያስወጣ) ካንዴላ አስገባሁ፣ ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አጠበብኩት፣ ተገላገልኩ።

የዴንቨሩ፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ብልጭታ አላየሁም። ግን የ2ኛውን ሽቦ ከቦቢናው ስነቅለው ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል፣ ላስቲኩ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ሽቦ፣ ቦቢና፣ ካንዴላ ቀየርኩ። አሁን መቆራረጥ የለም። ዋይድባንድም (የአየርና የነዳጅ ምጣኔ መለኪያ) ገጠምኩ፤ ስረግጠው 6,500 ዙር ላይ 13.2 ያነባል። ደህና ነው?

ጋሽ ካንዴላ፦ አይደለም። ለአንድ እጅ ነዳጅ 13.2 እጅ አየር ማለት ነው፤ ሱፐርቻርጀሩ እየገፋ ከ11.5 እስከ 12 ቢሆን ነው የሚሻለው። አሁን የነዳጅ ተራ ደረሰ። ስትረግጥ የነዳጁ ግፊት ከወረደ ፓምፑን ወይ ፊልትሮውን ጠርጥር፤ ሁለቱም ከኋላ ወንበር ሥር ናቸው። ካልወረደ በደቂቃ 380 ሲሲ የሚረጭ ኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫ) ግጠም፣ ከዚያ ልጁ ቱን ያድርግልህ። እስከዚያ ግጥም አድርገህ እንዳትረግጥ፣ ፒስተን ትበሳለህ።

የዴንቨሩ፦ እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ወንበሩን አነሳዋለሁ።