ለብዙ ቀን የተራራ አደን የሚያዝ ጓዝ ክብደቱ እንዴት ይመጠናል?

ጥያቄ

በሚቀጥለው የአደን ወቅት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተሽከርካሪ ወደማይደርስበት ተራራማ ስፍራ ገብተን ስድስት ቀን ለመሰንበት ተዘጋጅተናል። የአደን ፈቃዳችንን አውጥተናል፤ ያሳሰበኝ የጓዜ ክብደት ነው። ባለፈው ሳምንት ዕቃዬን ሁሉ ወለል ላይ ደርድሬ አንድ በአንድ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘንኩ በደብተር ላይ ስጽፈው ድምሩ 31 ኪሎ ሆነ። እኔ ራሴ የምመዝነው 74 ኪሎ ነው። ከሁሉ የከበደው ስንቁ ሲሆን 5.4 ኪሎ ነው፤ ጠመንጃው ከነመነጽሩ 4.1፣ ልብስ 3.4፣ ባይኖኩላሩ፣ ቴሌስኮፑና ባለሦስት እግር መቆሚያው ተደምረው 3.2፣ ውሃ 3፣ ባዶው ቦርሳ 2.9፣ ድንኳኑ ደግሞ 2.8 ኪሎ ይመዝናል። ምድጃው፣ ጋዙና ድስቱ 1.3 ኪሎ ናቸው፤ የቀረው መኝታና ጥቃቅን ዕቃ ነው። ጓደኛዬም ለራሱ ይህንኑ የሚመስል ጓዝ አዘጋጅቷል። ገንዘብ አውጥቼ ቀለል ያለ ጠመንጃ፣ ድንኳንና ቦርሳ ብገዛ ይሻላል ወይስ አስቀድሜ ላስተካክለው የምችለው ሌላ ነገር አለ?

መልስ 1

ዝርዝርዎን መዝነው ማቅረብዎ መልስ ለመስጠት አመቺ አድርጎታል። ሆኖም ከሁሉ የሚከብደው ነገር በዝርዝሩ ውስጥ አልተጻፈም፤ እርሱም ሥጋው ነው። ተራራ ለማየት ብቻ የሚጓዝ ሰው ስንቁን እየበላ፣ ጋዙን እያነደደ ስለሚሄድ ሸክሙ በየቀኑ ይቀልለታል። ግዳይ የጣለ አዳኝ ግን ጉልበቱ በዛለበት በመጨረሻው ቀን ከሁሉ የከበደውን ሸክም ይሸከማል። ስለዚህ ጓዝዎን ከቤት በሚወጡበት ቀን ሳይሆን ሥጋ ተሸክመው በሚመለሱበት ቀን ክብደት ይለኩት።

የቁም ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ እንስሳ ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶና ሥጋው ከአጥንት ተለይቶ ሲያበቃ የሚቀረው ንጹሕ ሥጋ ከሲሶ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ለስሌቱ ያህል 28 ኪሎ እንበለው። ለሁለት ስትካፈሉት ለእያንዳንዳችሁ 14 ኪሎ ይደርሳል። በዚያን ቀን አብዛኛው ስንቅ አልቆ ጓዝዎ 27 ኪሎ ቢሆን እንኳ ጀርባዎ ላይ የሚያርፈው 41 ኪሎ ነው፤ ይህም ከሰውነትዎ ክብደት ከግማሽ በላይ ነው። አንድ ጊዜ መሸከም ከብዷችሁ በሁለት ዙር ብታወጡት ደግሞ ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ፣ እንደገና ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ። ሦስት ዙር ካስፈለገ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ከመኪናው ምን ያህል ርቃችሁ ግዳይ ለመጣል እንደምትደፍሩ ተነጋግራችሁ ተስማሙ። ማዶ ገደል ላይ የቆመ እንስሳ በባይኖኩላር ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ በመካከሉ ያለውን ሸለቆ ወርዶ መልሶ መውጣት መኖሩ የሚታወሰው ግን ብዙ ጊዜ ከተኩሱ በኋላ ነው።

ሥጋውን እዚያው በየብልቱ አውጥታችሁ ከአጥንት ብትለዩት ሸክሙ ይቀንሳል፤ ወፍራሙ የጭን ሥጋም ውስጡ የያዘው ሙቀት ቶሎ ይወጣለታል። አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት እንጂ ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፤ ሥጋ ትኩስ እንዳለ ከታፈነ ይበላሻል። በአንዳንድ አገሮች የሚበላው ሥጋ ሁሉ እንዲወጣና የእንስሳው ጾታ ማስረጃ ከሥጋው ሳይለይ እንዲቆይ ሕግ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ቢላዋ ከማንሳታችሁ በፊት የምታድኑበትን አካባቢ ደንብ በሚገባ አንብቡ።

ስለ ግዢው ከጠየቁኝ ቦርሳውን አይንኩት። ጠንካራ ፍሬም (ሸክሙን የሚደግፍ የጀርባ አጽም) እና ደህና የወገብ ቀበቶ ያለው የ2.9 ኪሎ ቦርሳ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። አንድ ኪሎ ለማትረፍ ተብሎ የሚገዛ ስስ ቦርሳ 40 ኪሎ ሲጫንበት ይጎብጥና ሸክሙን ሁሉ ትከሻ ላይ ይጥለዋል።

መልስ 2

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ምንም ሳይገዛ ስለሚቀነሰው ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሁለት ሰው ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ምድጃና ሁለት ቴሌስኮፕ ይዞ መውጣቱ አያስፈልግም። አንዳችሁ ድንኳኑን፣ ሌላችሁ ምድጃውንና ቴሌስኮፑን ያዙ። ባይኖኩላር ግን ለየራሳችሁ ይኑራችሁ።

ስንቅን በተመለከተ ሊታሰብበት የሚገባው ግራሙ ብቻ ሳይሆን ግራሙ የሚሰጠው ኃይል ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ብቻ ይሰጣል፤ በምግብ ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ክብደት እንጂ ኃይል የለውም። በግራም 4 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ስንቅ ከያዙ ለ3,200 ኪሎ ካሎሪ በቀን 800 ግራም ያስፈልግዎታል፤ ለውዝ፣ ዘይትና የደረቀ ምግብ ጨምረው አማካዩን ወደ 4.6 ካደረሱት ግን 700 ግራም ገደማ ይበቃል። በስድስት ቀን ይህ ከራስዎ 5.4 ኪሎ ላይ ከአንድ ኪሎ በላይ ይቀንስልዎታል፤ አንዲት ምሳ እንኳ አይጎድልብዎትም።

ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ነው። በካርታው ላይ ምንጮቹንና ጅረቶቹን ለይተው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስዎትን ያህል ብቻ ይያዙ። የውሃ ማጣሪያ ከያዙ ሌሊት አብሮዎት መኝታ ከረጢት ውስጥ ይደር፤ በውስጡ የቀረው እርጥበት በረዶ ከሆነ ውሃውን የሚያጣሩት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ጋዝም እንዲሁ ብርድ አይወድም። በምድጃ ጋዝ ቆርቆሮ ውስጥ ከሚደባለቁት ጋዞች ቡቴን ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ መትነኑን ሲያቆም አይሶቡቴን እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ይሠራል፤ ስለዚህ ቆርቆሮውን ሲገዙ ድብልቁን ያንብቡ። በረዶ ማቅለጥ ካላስፈለጋችሁና የምትፈልጉት የፈላ ውሃ ብቻ ከሆነ 230 ግራም ጋዝ የያዘ አንድ ቆርቆሮ ለሁለታችሁ ስድስት ቀን ይበቃል።

ልብስ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን ቅያሪ መያዝ ተገቢ አይደለም። ካልሲ ሁለት ቅያሪ፣ ለመኝታ ብቻ የሚለበስ አንድ ደረቅ የውስጥ ልብስ፣ ከዚያም የሚሞቅ ጃኬትና የዝናብ ልብስ ይበቃል።

መልስ 3

ምክሩ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ክብደት መቀነስ ሲጀመር ማቆሚያው ስለሚጠፋ የደረሰብኝን ልናገር። ከዓመታት በፊት 400 ግራም ለማትረፍ ብዬ ወፍራሙን ጃኬት ቤት ትቼ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ አላበኝና ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ማዶውን በባይኖኩላር መቃኘት ጀመርኩ። ነፋሱ ሲነሳ ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ ጣቶቼ ደንዝዘው የኪሴን ቁልፍ መፍታት አቃተኝ። ጓደኛዬ የራሱን ጃኬት አልብሶኝ ወረድን፤ አደኑም በዚያው ቀረ። የአደን ብርድ የሚመጣው በጉዞ ላይ ሳይሆን ከላብ በኋላ በሚቀመጡበት ጊዜ ነው። በላባ የተሞላ ጃኬት ከያዙ ውሃ እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ ከራሰ ሙቀት አይዝም።

የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃም አይቀነስ። በጨለማ፣ በደነዘዘ እጅ፣ በተሳለ ቢላዋ ነው የምትሠሩት፤ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ በቀላሉ በሚደረስበት ኪስ ውስጥ ይኑር። የግንባር ባትሪና ቅያሪ ባትሪዎችም እንዲሁ። ሊቲየም ባትሪ ከተለመደው ይቀልላል፣ በብርድም የተሻለ ይሠራል።

ሥጋውን ስትጭኑ በቦርሳውና በፍሬሙ መካከል፣ ከጀርባ አጥንት ተጠግቶ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከጀርባ የራቀ ሸክም ወደ ኋላ ይጎትታል። ስትነሱም ቆማችሁ አታንጠልጥሉት፤ ተቀምጣችሁ ማንገቻውን አጥልቁ፣ ቀበቶውን እሰሩ፣ ወደ ፊት ተንከባሉና በጉልበታችሁና በእጃችሁ ተደግፋችሁ በምርኩዝ ተነሱ። ከዚያ በፊት ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ ባዶ መሆኑን ሁለታችሁም አረጋግጡ፤ ከባድ ሸክም የያዘ ሰው ይወድቃል። የጫማችሁንም ክብደት አትርሱ፤ እግር ላይ ያለ አንድ ኪሎ ጀርባ ላይ ካለው አንድ ኪሎ በብዙ እጥፍ ያደክማል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን ጓዙን እንደገና መዘንነው። ድንኳኑን እኔ ያዝኩ፤ ምድጃውና ጋዙ 1.3 ኪሎ፣ ቴሌስኮፑና መቆሚያው 2.2 ኪሎ ወደ እርሱ ሄዱ፤ እርሱም የራሱን ድንኳን ቤት ይተወዋል። ከልብሱ 1.4፣ ከስንቁ 1.2፣ ከውሃው 1.5 ኪሎ ቀነስኩ። ጃኬቱና የርዳታ ዕቃው አልተነኩም። ምንም ሳልገዛ ጓዜ 23.4 ኪሎ ሆነ፤ ከሰውነቴ ክብደት ሲሶ በታች ነው። ሥጋ በምንሸከምበት ቀን 34 ኪሎ ገደማ እንደሚሆንም አሰላን። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ቦርሳዬን በውሃ ጀሪካን ሞልቼ ዳገት እወጣለሁ፤ ጉልበቴ እስኪለምድ ድረስ ጫፍ ላይ ውሃውን እያፈሰስኩ እወርዳለሁ። ካርታው ላይም ከመኪናው 6 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን ሁሉ በቀይ እርሳስ ከበብነው፤ ከዚያ መስመር ወዲያ ምንም ዓይነት እንስሳ ብናይ እንዳንተኩስ ተስማምተናል።