ክርክር፦ የቡናችን ዶላር ለሊፕስቲክ ይውጣ?

የቡና ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ዛሬ ትንሽ ልነካካችሁ ነው።

በጥቅምት 2015 የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ ዶላር እንዳያገኙ መከልከሉን ታስታውሳላችሁ። ውስኪ፣ ሽቶ፣ ቸኮሌት፣ የሰው ፀጉር፣ ኮስሞቲክስ ሁሉ ነበረበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ክልከላውም አብሮ ተነሣ። እኔ ቢያንስ ኮስሞቲክሱ ወደ ዝርዝሩ ይመለስ ባይ ነኝ።

አባቴ አጋሮ አካባቢ ቡና አለው። በለቀማ ሰሞን እኛ ቤት ወገቡን የማያመው ሰው የለም። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ብቻ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች ተብሏል። እሰየው። ግን ያን ዶላር የሚጠብቀው ስንት ነገር አለ! ነዳጅ አለ፣ ማዳበሪያ አለ፣ የስኳርና የካንሰር መድኃኒት አለ። መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ «አልቋል» ትባላላችሁ። አጠገቡ ያለው ኮስሞቲክስ ቤት ግን እስከ ኮርኒሱ ሞልቷል። ይሄ ደግ ነው? መልሱልኝ።

ፀጉር ሠሪዋ፦
ወንድሜ፣ አባትህን ያቆይልህ። ግን ነገሩን ከሳሎን ወንበር ጀርባ ሆኜ ልንገርህ።

ክልከላው በነበረ ጊዜ ጅማ ውስጥ ሊፕስቲክ ጠፍቶ ያውቃል? አያውቅም። የጠፋው ደረሰኙ ነው። ዕቃው በሻንጣ ገባ፣ በኮንትሮባንድ ገባ። ዶላሩ ከጥቁር ገበያ ተገዛ። ዋጋው ሰማይ ወጣ። ታዲያ የአባትህን ዶላር ማን አተረፈው?

ደግሞ ቅንጦት ስትሉ ማንን እያሰባችሁ ነው? ደሞዝ በወጣ ቅዳሜ እኔ ጋ የሚመጡትን ላሳይህ። ሦስት አራት ሆነው ነው የሚመጡት። አንዷ ትገዛለች፣ ሌሎቹ ይሞክራሉ። ሊፕስቲኩን እጃቸው ጀርባ ላይ ተራ በተራ ያሰምሩታል፤ ቡናማውን፣ ቀዩን፣ ያን የበሰለ እንጆሪ የሚመስለውን። ከዚያ ተግተልትለው በር ላይ ይወጣሉ። የሱቅ መብራት ያታልላል፣ ቀለም በፀሐይ ነው የሚታይ። «ይሄ ያስረጅሻል»፣ «ይሄ ለሰርግ እንጂ ለሥራ አይሆንም» እየተባባሉ አንድ ሰዓት ይስቃሉ። አንዷ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ናት፣ አንዷ ፋይል ስታገላብጥ የምትውል ናት። ሳምንቱን ሙሉ ቆመው ወይ ጎብጠው ነው የሚያሳልፉት። ይህችን ሰዓት ቅንጦት የሚል ወንድ በወር ለድራፍት የሚያወጣውን ይደምር።

የአጂፕ ልጅ፦
ድራፍቱን አትንኪብን እንጂ! ገብሱ ከአርሲ ነው የሚመጣው፣ ዶላር አይጠይቅም።

ፀጉር ሠሪዋ፦
ማሽኑስ ከአርሲ ነው? ዝም በል አንተ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። ክርክራችሁን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ይህ የሄርማታ ሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር። የሚመጣው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዶቃም ጌጥም ይመጣ ነበር። ሴቶቻችን ያኔም ቀለም መርጠው ነው የሚገዙት።

ከዚህ የሚወጣውስ? ቡናውን ሁሉም ያውቃል። ዝባዱን ግን ወጣቶቹ ረስታችሁታል። ዝባድ ጥርኝ ከሚባለው የዱር እንስሳ የሚገኝ ሽታ ያለው ቅባት ነው። በሊሙ፣ በከፋ፣ በኢሉባቦር ጥርኝ ይዞ ማኖር የቆየ ሥራ ነው። ቅባቱ ይፋቅና በበሬ ቀንድ ይሞላል። በቀንድ ታሽጎ ባሕር ይሻገራል። የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ሽታው ቶሎ እንዳይበን ይጨምሩት ነበር። በኋላ በፋብሪካ የሚሠራ ምትክ መጣ። ጥርኙን በጠባብ ቀፎ ማሰቃየቱም ተቃውሞ አስነሣ። ለእንስሳው ደግ ሆነለት፣ ገበያው ግን ቀዘቀዘ።

እንግዲህ እኛ የዓለምን ሽቶ ስናሳምር የኖርን ሰዎች ነን። አሁን ሽቶ ለእናንተ ቅንጦት ነው ስንባል ትንሽ ያስቀኛል።

የቡና ልጅ፦
መምህር፣ እጅ ነስቻለሁ። ግን የእርስዎ ታሪክ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ጥሬውን በቀንድ ሸጠን ጠርሙሱን በውድ እንገዛለን። ቡናውም እንዲሁ ነው። በር ካልተዘጋ እዚህ የሚያመርት ሰው እንዴት ይነሣል?

ጡረተኛው መምህር፦
በሩ ከጥቅምት 2015 እስከ ሐምሌ 2016 ተዘግቶ ነበር ልጄ። በዚያ ጊዜ ጅማ ላይ የተከፈተ የሽቶ ፋብሪካ ካየህ አሳየኝና እኔም አብሬህ እፈርማለሁ።

አባ ዲኮር፦
መምህር ጨረሱት! እኔ ግን ስለ ራሴ ሙያ ልናገር፣ ምክንያቱም «የአገር ውስጡን ተጠቀሙ» የሚለው ምክር ሲመጣ መጀመሪያ የሚመታው እኛን ነው።

ሥራዬ የሰርግ፣ የኒካህና የልደት ዲኮር ነው። ፊኛው፣ የፕላስቲክ አበባው፣ ከበስተጀርባ የሚዘረጋው የሚያብረቀርቅ ጨርቅ፣ ሁሉም ከውጭ ነው። ዕቃ በተወደደ ሰሞን «ለምን የራሳችንን አንሠራም» ብዬ ተነሣሁ። የኅዳር ሰርግ ነበር፣ ቡና ቀይ የሚሆንበት ወቅት። ፍሬ ያንጠለጠሉ ቅርንጫፎች በሁለቱም በኩል አቆምኩ። ለሙሽሮቹ ከፍ ያለ ወንበር ሳይሆን ያንን የጅማ ባለ ሦስት እግር ባርጩማ አስቀመጥኩ፤ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ፣ በቅባት ታሽቶ የሚያበራ። ከሥሩ ቄጤማ ጎዘጎዝኩ። እኔ እንዲያውም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የሙሽሪት እናት ገባች። ዞር ዞር ብላ አየች። «ልጄ፣ መድረኩን መቼ ትጀምራለህ?» አለችኝ።

ወርቃማውን ወንበር በባጃጅ አስመጣን።

ይሄን የማወራው ለማሳቅ አይደለም። ክልከላ ዋጋን ይለውጣል እንጂ የሰውን ዓይን አይለውጥም። ያቺ እናት ልጇን በቴሌቪዥን እንዳየችው ዓይነት ወንበር ላይ ልታያት ነው ዓመታት ዕቁብ የጣለችው። ባርጩማውማ ቤቷም አለ፣ ቡና የምታፈላበት ነው።

ሙሽሪት 2018፦
አባ ዲኮር፣ ቁጥርህን በውስጥ ላክልኝ። እኔ ባርጩማውን እፈልገዋለሁ፣ እናቴን እኔ አሳምናታለሁ።

ባጃጅ ነኝ፦
ስለ ሴቶች ብቻ ታወራላችሁ፣ ገዢው እኮ እኛም ነን። እኔ በዓል በመጣ ቁጥር ለባለቤቴ ሽቶ እገዛለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም፣ ያቺ ትንሿ ጠርሙስ ናት። ዓመት በዓል ማለት ለእሷ ቀኑን ሙሉ ማዕድ ቤት ጭስ ውስጥ መዋል ነው። ማታ ታጥባ ወጥታ ትንሽ እዚህ አንገቷ ላይ ስታደርግ ቤቱ ይለወጣል። ይሄን ከእኔ ቤት የሚያወጣ መመሪያ አልደግፍም፣ የፈለገው ሚኒስቴር ያውጣው።

ብቻ ፌኩ አስመርሮኛል። ሱቅ ውስጥ ሲረጩት አበባ ነው፣ ቤት ሲገባ አረቄ።

ፋርማሲ ውስጥ ያለሁ፦
ባጃጅ ነኝ ጥሩ ቦታ ላይ አመጣህልኝ። ክርክሩ ሁሉ ዶላር ላይ መቅረቱ ሲያሳስበኝ ነበር። ጥያቄው «ይግባ አይግባ» ከሆነ ሁላችንም ተሸውደናል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ይሄ ነው መጠየቅ ያለበት።

መጀመሪያ «ኮስሞቲክስ» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት አደጋ አለው። በጉምሩክ ምደባ ሊፕስቲክና ሰንስክሪን ሁለቱም ቁጥር 3304 ሥር ናቸው። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ሰንስክሪን ውበት አይደለም፣ ከቆዳ ካንሰር መከላከያ ነው። ሊፕስቲኩን ስትዘጋ የእነሱንም ትዘጋለህ። የቡና ልጅ፣ ይሄን አስበኸዋል?

ሁለተኛው ቆዳ ማንጫ ክሬም ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን የሚባሉ ስቴሮይዶች አሉ። ሐኪም ለቆዳ በሽታ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚያዛቸው ናቸው። እንደ ሎሽን በየቀኑ ፊት ሲቀቧቸው መጀመሪያ ፊት ያበራል። ሁሉም «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርሰዋል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ቲማቲም ይሆናል፣ ያቃጥላል። መልሰው ይቀቡታል። እንዲህ ነው የሚይዘው። ሃይድሮኩዊኖን የሚባለው ሌላው ማንጫ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ጭራሽ ቆዳውን ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁር ያደርገዋል፣ ሊቀላ የሄደው ሰው ጠቁሮ ይመለሳል።

ሜርኩሪ ያለበት ከሁሉም ይብሳል። ኩላሊት ይጎዳል። የተቀባው ሰው ላይም አይቆምም፣ በፎጣና በትራስ ወደ ሕፃን ልጅ ይሻገራል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለበት ክሬም እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረት፣ ወደ አገር እንዳይገባና ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አገሮቹ ያቺንም 1 ፒፒኤም ሰርዘው እስከ 2025 ጨርሶ እንዲቀር ተስማሙ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ፖሊስ አሰማርታ ማንጫውን ከየሱቁ ለቅማለች። የእኛም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስን በምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ሥር አስገብቶታል። ሕጉ አለ። ሱቁ ድረስ የሚመጣው ሰው ነው የጠፋው።

አንድ ምልክት ልስጣችሁ። ካርቶኑ ላይ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም አርቁ» የሚል ካለ አስቀምጡት። ሜርኩሪ ከእነዚህ ብረቶች ጋር ስለሚዋሃድ ነው እንደዚያ የሚጽፉት። ካሎሜል የሚል ቃል ካያችሁም ያው ነው። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነማ ባትነኩት ይሻላል።

ፀጉር ሠሪዋ፦
ልክ ነህ። እኔ ጋ ሜካፕ ልትሠራ የመጣች ሙሽራ ፊቷን ሳጸዳላት ጥጡ ሲነካት ዘለለች። ጉንጯ ሽፍ ብሏል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። «ቅልቅል ነው፣ በቴሌግራም ያዘዝኩት» አለችኝ። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ነጭ ዕቃ ውስጥ የተገለበጠ ነገር። ሰርጉ በማግሥቱ ነው። ፋውንዴሽን ብደርብበት ይብስባታል፣ ብተወው ታለቅሳለች። በቀላሉ አልፈነው ዓይኗ ላይ ብቻ ሠራሁ።

ግን እባካችሁ፣ ያን ከሊፕስቲኩ ጋር አትቀላቅሉብኝ።

ሙሽሪት 2018፦
ማንጫውን የሚያስገዛውስ ማነው? እዚሁ ፎቶ ሲለጠፍ «ቀይዋ ማናት?» ብላችሁ የምትጽፉ ወንዶች አይደላችሁም? ሽምግልና ሲላክ እንኳን «ልጅቷ ቀይ ናት፣ ሸንቃጣ ናት» ተብሎ ነው የሚወራው። እኔ ጠይም ነኝ። አክስቴ በሂናዬ ምሽት «ትንሽ ተቀቢ፣ ፎቶው ላይ ትታያለሽ» ብላ ክሬም ይዛልኝ መጥታለች። ክፉ አስባ አይደለም፣ ስጦታ ብላ ነው።

የአጂፕ ልጅ፦
ይሄ ለእኔ ነው መሰለኝ። ወጣሁ።

እትዬ ነኝ፦
እናንተ ልጆች፣ በእኛ ጊዜ ቅቤ ነበር፣ እንሶስላ ነበር፣ ወይባ ነበር። ማን ዶላር ጠየቀን? ግን እውነቱን ልናገር፣ አሁን ለፀጉር የሚሆን ቅቤ ከሄርማታ ገዝቶ ከመቀባት ሻምፑ መግዛት ረክሷል። ቅንጦት የሚባለው ዝርዝር ውስጥ ቅቤውን አስገቡት።

የቡና ልጅ፦
እሺ፣ ሰንስክሪኑን ተቀብያለሁ፣ ከዝርዝሩ ይውጣ። ማንጫው ላይም ከፋርማሲስቱ ጋር ነኝ። ሊፕስቲክና ሽቶ ላይ ግን አልተረታሁም። ይግቡ፣ ግን ጠንከር ያለ ቀረጥ ይጣልባቸው። ገንዘቡ ለመድኃኒት ይግባ። የእጅ ጀርባ ላይ የምታሰምረው ልጅ ትንሽ ጨምራ ብትከፍል ምን ትሆናለች?

የሄርማታዋ፦
ሁላችሁም ስትናገሩ ዝም ብዬ ነበር። ባለ ሱቋ እኔ ነኝ።

«ቀረጥ ይጨመር» ስትል ከቀረጡ የሚያመልጠው ዕቃ ነው እኔ ደጅ የሚደርሰው። ቀረጥ ከፍሎ የገባው ሊፕስቲክ ከጎኑ ካለው የኮንትሮባንድ ሊፕስቲክ ጋር መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ደንበኛዋ የቱን ታነሣለች? ርካሹን። እኔስ የቱን እንዳመጣ ትጠብቃለህ? ኪራይ አለብኝ።

ተቆጣጣሪ የለም ያለው ፋርማሲስት ደግሞ ትንሽ ይታገሠኝ። ይመጣሉ። ሲመጡ ግን የሚመጡት እኔ ጋ ነው። «ደረሰኝ አሳዪ» ይሉኛል። አከፋፋዩ ደረሰኝ አይሰጠኝም። ከሰጠኝም የተጻፈበት ሌላ ዕቃ ነው። ዕቃውን ያስገባው ሰውዬ ስሙ አይታወቅም፣ የእኔ ሱቅ ነው የሚታሸገው። እናንተ ጽሑፉን አንብቢ ትሉኛላችሁ፣ ጽሑፉ ግማሹ ቻይንኛ ነው።

አሁን ያላችሁትን ምልክት ይዤ መደርደሪያዬን አየሁ። «ከወርቅና ከብር አርቁ» የሚል አንድ ዓይነት አለኝ። ሁለት ደርዘን ነው። ምን ላድርገው?

ፋርማሲ ውስጥ ያለሁ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ከመደርደሪያ አውርጂው። አትክፈቺው፣ ቆሻሻ ገንዳም ውስጥ አትጣይው፣ ወደ አዌቱ ወንዝም እንዳይሄድ። በላስቲክ አሽገሽ ልጆች የማይደርሱበት አስቀምጪና ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አሳውቂ።

የሄርማታዋ፦
ሳሳውቅ ሱቁን ቢያሽጉብኝስ?

የቡና ልጅ፦
ገንዘቡንስ ማን ይመልስላታል?

የሄርማታዋ፦
ከጠዋት ጀምሮ አከፋፋዩ ጋ እየደወልኩ ነው። አያነሣም።