ለበዓል መጥታችሁ ወደ አዳማ ራሳችሁ ለምትነዱ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና ተከራይታ ከቦሌ አዳማ ድረስ ራሷ መንዳት የምትፈልገው እህታችን «እችላለሁ ወይ?» ብላ ላነሳችው ጥያቄ መልስ ነው። እህቴ፣ ትችያለሽ። ውጭ የነዳ ሰው እዚህ የሚቸገረው መንዳት ስላቃተው አይደለም። ሌላውም ሰው ሕግ ይጠብቃል ብሎ ስለሚያምን ነው።

ፈጣን መንገዱ ከለመድሽው ብዙም አይለይም። ትከፍያለሽ፣ ትገቢያለሽ፤ ጣሪያው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ግን ከመነሳትሽ በፊት የጎማውን ንፋስ አስለኪ፤ የኪራይ መኪና አይታመንም። ንፋስ የጎደለው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ይፈነዳል። ከፈነዳ ፍሬን አትርገጪ። መሪውን አጥብቀሽ ይዘሽ ነዳጁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። አዳማ ስትደርሺ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች ደግሞ ለጌጥ አልተተከሉም። ከፍ ያለ መኪና ከያዝሽ የጎን ነፋሱ መሪ ይቀማል።

ዋናው ጉድ ከተማ ስትገቢ ነው። በ100 ስትመጪ ቆይተሽ 60 እየነዳሽ የቆምሽ ይመስልሻል፤ ዳሽቦርዱን እዪ። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ፍሬቻ ሳያሳይ ቀጥ ይላል። ጋሪ ሲመሽ የኋላ መብራት የለውም። ከፊትሽ የሚመጣው ረጅም መብራት ብልጭ ቢያደርግልሽ ደግሞ እለፊ ያለሽ እንዳይመስልሽ፤ ብዙ ጊዜ «እየመጣሁ ነው፣ ጠብቂ» ነው።

በአሮጌው መንገድ፣ በሞጆ በኩል፣ በማታ አትምጪ። የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎች አሉ። አንዱ ከተበላሸ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካየሽ ወዲያው ፍጥነት ቀንሺ፤ ከፊት የቆመ መኪና አለ ማለት ነው። አንዳንዴ መኪናው ተጠግኖ ሄዶ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። በጨለማ ድንጋዩ ራሱ አደጋ ነው።

ዘመድ ስትጭኚ ሌላ ፈተና አለ። ከኋላ የተቀመጡት «እኛ ከኋላ ነን፣ ቀበቶ ምን ያደርጋል?» ይሉሻል። ሕፃን ጭን ላይ ይቀመጣል። አክስትሽ ቅር ቢላቸውም ሁሉም ሳያስር ሞተር አታስነሺ።

በገባሽበት ቀን ግን በጭራሽ አትንጂ። ረጅም በረራ ያደከመው ዓይን መሪ ላይ ይከደናል። ሹፌር ያዢና ጋቢና ተቀመጪ፤ እሱ የት ፍሬን እንደሚይዝ ብቻ እያየሽ ነይ።