የዋሽንግተን ሁለት ደብዳቤዎች፦ ለልጄ የትኛውን ሰው ልንገራት?

የራፖር ጸሐፊ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት የነበረው ማውንት ቨርነን ከቤቴ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። 8ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሰሞኑን ሁለት የዋሽንግተን ደብዳቤዎች ይዛ መጣች። የቤት ሥራው «ጸሐፊው ምን ዓይነት ሰው ነው?» የሚል ነው። ማታ ከሥራ ገብቼ አብሬያት አነበብኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ አሉኝ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው በመስከረም 1767 ዊልያም ክሮፎርድ ለሚባል የመሬት ቀያሽ የተጻፈ ነው። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በ1763 ባወጣው አዋጅ ከአፓላቺያን ተራሮች ወዲያ ያለው አገር ለነባሮቹ ሕዝቦች የተከለለ ነበር። ዋሽንግተን ግን «በእኔና በአንተ መካከል ይቅርና» ብሎ፣ አዋጁ ነባሮቹን ለጊዜው ለማረጋጋት የወጣ እንጂ የሚዘልቅ እንዳልሆነ ይነግረዋል። ስለዚህ ከአሁኑ ለም ለሙን ፈልግልኝ፣ የቅየሳውንና የባለቤትነት ወረቀቱን ወጪ እኔ እችላለሁ፣ አንተም ድርሻህን ታገኛለህ ይለዋል። የፔንሲልቬኒያ ደንብ ይህን ያህል መሬት በአንድ ላይ ማስመዝገብ ከከለከለ ደግሞ፣ ከፋፍሎ በማስመዝገብ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ነገሩ በምስጢር ይያዝ፤ አንተም አውሬ ለማደን የሄድክ ምሰል።

ሁለተኛው ሐምሌ 27 ቀን 1789 ኒው ዮርክ ሆኖ፣ ፕሬዚዳንት ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ የጻፈው ነው። የ27 ዓመቱ የወንድሙ ልጅ ቡሽሮድ በቨርጂኒያ የፌዴራሉ መንግሥት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ልሾም ብሎት ነበር። አይሆንም አለው። በዕድሜም በስምም ከአንተ የሚቀድሙ ጠበቆች አሉ፤ ደግሞም በግሪኮች ተረት ያለው ባለ መቶ ዓይኑ አርጉስ እኔን እያየ ነው፤ ለወዳጅ ለዘመድ አደላ የሚያሰኝ ትንሽ ስሕተት እንኳ አያልፈኝም አለ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነበር። በልጅነቴ አጠገቡ ተቀምጬ ቀለም አቀብለው ነበር። «ደብዳቤ ስታነቢ ሰላምታውን እለፊና ‹ስለዚህ› የምትለዋን ፈልጊ፤ ሰውየውን እዚያ ታገኚዋለሽ» ይለኝ ነበር። በዚህ መንገድ ፈለግኩ። የመጀመሪያው «ስለዚህ» ማንም ሳያውቅ መሬቱን ያዝልኝ ነው፤ የሁለተኛው፣ ዘመዴም ብትሆን አልሾምህም። እጁ አንድ ነው። በ22 ዓመት ውስጥ ሰውየው ተለወጠ ማለት ነው? ለልጄ ምን ልበላት?

የድሮ ወረቀት

እህቴ፣ የአባትሽ ምክር ወርቅ ነው። እኔም እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ለዓመታት ስላነበብኩ የማውቀውን ልበል።

ያን ጊዜ ከበርቴ ሁሉ መሬት ይቀራመት ነበር፤ ነውርም አልነበረም። ትምባሆ የቨርጂኒያን አፈር እያደከመው ስለነበር ሀብት ያለው ወደ ምዕራብ ያይ ነበር። በዚያ ላይ በ1754 የቨርጂኒያው አገረ ገዢ ዲንዊዲ ለዘመቱ በጎ ፈቃደኞች 200,000 ኤከር ቃል ገብቶ ነበር። ከዚያ ውስጥ ዋሽንግተን በኋላ ለራሱ ከ20,000 ኤከር በላይ አግኝቷል። ክሮፎርድም የጦር ሜዳ ባልንጀራው ነው፤ በዚያው ወር ጥያቄውን በደስታ ተቀብሎ መልስ ጽፏል። አዋጁ አይዘልቅም ያለውም ልክ ሆነ፤ በ1768 እንግሊዞች ከነባሮቹ ጋር ባደረጉት የፎርት ስታንዊክስ ውል ድንበሩ ወደ ምዕራብ ተገፋ።

ይህ ማለት ግን ዋሽንግተን ተራ ገበሬ ነበር ማለት አይደለም። ደብዳቤውን ሲጽፍ የቨርጂኒያ ምክር ቤት አባል ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ይህን ለልጅሽ ንገሪያት።

ከወንዙ ማዶ

«ነውር አልነበረም» የሚለው አልዋጥ አለኝ። ነውር ካልሆነ አውሬ አዳኝ ምሰል ለምን አስፈለገ? የፎርት ስታንዊክሱን ውል የፈረሙት ከነባሮቹ ሕዝቦች ኢሮኳዎች ናቸው፤ በመሬቱ ላይ ያድኑና ይኖሩ የነበሩት ሌሎቹ ነባሮች፣ ሾውኒዎችና ደላዌሮች፣ አልተቀበሉትም። ከዚያ የመጣው ደም ብዙ ነው። ክሮፎርድ ራሱ በ1782 በዘመቻ ላይ ተማርኮ ደላዌሮች በእሳት አቃጥለው ገደሉት። ከጥቂት ወራት በፊት በግናደንሁተን 96 ክርስቲያን የሆኑ ወገኖቻቸው በፔንሲልቬኒያ ሚሊሻ ተጨፍጭፈውባቸው ነበር፤ የዚያ በቀል ነው።

ተለወጠ ወይ ላሉት ደግሞ 1784ን ይመልከቱ። ዋሽንግተን በፈረስ ተራራውን ተሻግሮ ሚለርስ ራን ወደሚባለው ቦታ ሄደ፤ ክሮፎርድ የቀየሰለት 2,813 ኤከር እዚያ ነበር። በእኛ ከ28 ጋሻ በላይ መሆኑ ነው። ሲደርስ ብዙ ቤተሰቦች ጫካውን መንጥረው፣ ጎጆ ቀልሰው፣ አጥር አጥረው አገኘ። ያቀኑት እነሱ ናቸው፤ ወረቀቱ ግን የእሱ ነው። ከሰሳቸው፤ በ1786 ተፈረደለት፤ ለቀቁ። እኔ ያንን የፍርድ ቤት ቀን ባሰብኩ ቁጥር የማየው ልጆቹን አዝለው የሚወጡትን ሴቶች ነው።

ኖክስቪል

እኔ ካለሁበት ከቴነሲ አንድ ልጨምር፤ ልጅዎ ለንጽጽር ትጠቀምበት። ዊልያም ብለንት በ1787 ሕገ መንግሥቱን ከፈረሙት አንዱ ነው። በ1790 ዋሽንግተን ከኦሃዮ ወንዝ በስተደቡብ ላለው ግዛት ገዢ አድርጎ ሾመው። መሬት የሚገዛና የሚሸጥ ሰው በመሬቱ ላይ ገዢ ሆነ ማለት ነው። ኋላ ሴናተር ሆነ። የመሬት ዋጋ ወድቆ ዕዳ ሲያንቀው፣ ፈረንሳይ ሉዊዚያናን ከስፔን ከወሰደች ደግሞ ጭራሽ እንዳይከስር ሰጋ። ስለዚህ እንግሊዞች የስፔንን ግዛት እንዲይዙ ማሴር ጀመረ።

ሚያዝያ 21 ቀን 1797 ስለዚሁ ሴራ ጄምስ ኬሪ ለተባለ፣ ቼሮኪ ለሚባሉት ነባሮች አስተርጓሚ ለነበረ ሰው ጻፈ፤ ኬሪ ደሞዙን የሚያገኘው ከመንግሥት ነበር። ይህን ሦስት ጊዜ አንብበህ አቃጥለው አለው። አልተቃጠለም። ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ፕሬዚዳንት አዳምስ ዘንድ ደረሰ፤ ሐምሌ 3 ቀን ወደ ሴኔቱ ላከው፤ ሐምሌ 8 ቀን ብለንት በ25 ለ1 ድምፅ ተባረረ። እዚህ ግን በቀጣዩ ዓመት ለቴነሲ የራሷ ሴኔት መርጠው አፈ ጉባኤ አደረጉት። ቤቱ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል።

የራፖር ጸሐፊ ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም እየተረጎምኩ አነበብኩላት። የሚለርስ ራኑ ጋ ስደርስ አስቆመችኝና ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጋ እንደገና አየቻቸው። «እማዬ፣ በሁለቱም ውስጥ ሰው ያየኛል የሚል አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለክሮፎርድም ስለ አዋጁ ያልኩት ቢሰማ እወቀሳለሁ፣ ሌሎችም ነቅተው ይሻሙናል ብሎ ጽፏል። ያን ጊዜ ዓይን ስለፈራ ደበቀ፤ ኋላ ዓይን ስለፈራ ከለከለ። እኔ «ስለዚህ» የምትለውን ስፈልግ፣ ልጄ ከቃሉ በፊት ያለውን ምክንያት አየች። አባቴ ቢሰማ ደስታውን አልችለውም ነበር።

ቅዳሜ ማውንት ቨርነን ልንሄድ ነው። ዋሽንግተን ሲሞት ቤቱን ያወረሰው ለዚያው ሹመት ለነፈገው ለቡሽሮድ መሆኑን አንብባ፣ ክፍሎቹን ማየት አለብኝ ብላለች። የድሮ ወረቀት፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ፦ የክሮፎርድን መልስ ሙሉውን ካለህ ላክልኝ። እሺ ያለው ሰው እንዴት አድርጎ እሺ እንዳለ ማንበብ ትፈልጋለች።