የዕቅድ ውይይት፦ የመካከለኛ ሞገድ ልኬት በየብስና በውሃ ላይ፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ አምስት ኪሎ ላይ የተነጋገርንበት ረቂቅ እንዲህ ይላል። ከአዲስ አበባ መሐል በ475.7 ኪሎኸርዝ በዊስፐር (በጣም ደካማ ምልክት እንኳ በኮምፒውተር የሚነበብበት የአማተር ሬዲዮ ዲጂታል ዘዴ) እናሰራጫለን፤ ሐረር ላይ አንድ፣ ጅቡቲ ከተማ ላይ አንድ መቀበያ እናቆማለን፤ በሁለቱ መካከል የሚታየውን ልዩነት የየብስና የባሕር ልዩነት ብለን እናቀርባለን። አስተያየት እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ከቃላት እርማት ይልቅ የልኬቱ አሠራር ላይ እናተኩር።

ከስርጭት ጥናት ክፍል፦
አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በዚህ አሠራር የሚገኘው ልዩነት አብዛኛው ከባሕሩ የመጣ አይሆንም። አዲስ አበባ ያለችው የመግነጢስ ወገብ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. ለ1957–58ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አራት ኪሎ ላይ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም ቦታው ተፈላጊ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የምድር መግነጢስ መስክ እዚህ ከሞላ ጎደል አግድም ተኝቶ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያመራል። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ አንቴና ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚወጣ ሞገድ የኤሌክትሪክ መስኩ ይህን አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ስለሚያቋርጠው፣ አዮኖስፌር (ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው አየር ንብርብር) ሲደርስ ጉልበቱ በአብዛኛው ክፉኛ ወደሚዋጠው የሞገድ ዓይነት ይሄዳል። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲሆን ይህ ኪሳራ የለም ማለት ይቻላል።

በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ ፒ.1147 ያለው ስሌት በካልኩሌተር ይሠራል። መንገዱ ከመግነጢሳዊው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር የሚርቅበትን ዲግሪ ካሬ አድርጉ፤ የመግነጢስ ዝንባሌውን (መስኩ ከአግድም የሚያዘነብልበትን ዲግሪ) ካሬና 36ን ደምሩበት፤ 180ን ለድምሩ ስኩዌር ሩት አካፍላችሁ 2 ቀንሱ። ውጤቱ በመንገዱ አንድ ጫፍ፣ በማሰራጫው ወይም በመቀበያው በኩል፣ የሚጠፋው ዴሲቤል (የምልክት ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ነው። ሐረር ከመስመሩ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ወደ 17 ዴሲቤል ይወጣል። ጅቡቲ 33 ዲግሪ ገደማ ስለምትርቅ ከ3 ትንሽ ያልፋል። መቀሌ ዜሮ ናት። ሁለቱን ጫፎች ስንደምር ሐረር 34፣ ጅቡቲ 7 ዴሲቤል ያህል ታጣለች። እንግዲህ ባሕሩ ገና ሳይነሳ በሁለቱ መካከል 27 ዴሲቤል ልዩነት አለ። ባሕር ዳር መሆን የሚጨምረው በአንድ ጫፍ ቢበዛ 10 ዴሲቤል ነው፤ እሱም በ2,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ። በእኛ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ግን ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ውሃው የሚጠቅመው ሞገዱ በሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከመቀበያው ፊት ሲሆን ነው። ጅቡቲ ከተማ ባሕሯ በሰሜንና በምሥራቅ ነው፤ የእኛ ምልክት የሚደርሳት ግን ከደቡብ ምዕራብ፣ በየብስ ላይ ነው። ስለዚህ መቀበያው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው የጅቡቲ ከተማ ወደ ታጁራ ይሻገር፤ እዚያ ባሕረ ሰላጤው ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ይተኛል። ማነጻጸሪያው ደግሞ በሐረር ፋንታ ሌላዋ የጅቡቲ ከተማ ዲክሂል ይሁን፤ አቅጣጫው ተቀራራቢ ነው፣ ከባሕር ግን የራቀ ነው። ርቀቱ ታጁራ 545፣ ዲክሂል 455 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ልዩነቱን በስሌት ማረም ይቻላል። መቀሌን ሦስተኛ አድርገን ብንጨምር የመግነጢሱን ውጤት ለብቻው እናየዋለን።

ከመለኪያ ክፍል፦
እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ዊስፐር የሚነግረን ምልክቱ ከጫጫታው ያለውን ብልጫ እንጂ የመስኩን ጥንካሬ አይደለም። ጸጥ ያለ ቦታ ላይ የቆመ መቀበያ ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይታያል። ሦስቱም መቀበያዎች ጎን 1 ሜትር የሆነ አንድ ዓይነት የካሬ ሉፕ (የቀለበት አንቴና) ይኑራቸው፤ ከመሄዳቸው በፊት ከከተማ ውጭ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ሌሊት ይለኩ፤ በመሐል ደግሞ ቦታ ይለዋወጡ። ምልክቱ ከሌሊት ሌሊት ብዙ ዴሲቤል ስለሚዋዥቅ፣ ጥቂት ዴሲቤል የምንፈልግ ከሆነ ከ30 ሌሊት በታች አይበቃም። ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል፤ በክረምት የመብረቁ ጫጫታ ሁሉን ይሸፍነዋል።

ከአንቴና ክፍል፦
የማሰራጫው አንቴና በፎቅ ጣሪያ ላይ የቲ ቅርጽ ይኖረዋል፤ ቁመቱ 15 ሜትር፣ አግድሙ ግራና ቀኝ 20፣ 20 ሜትር። የሞገዱ ርዝመት 630 ሜትር ስለሆነ ይህ በጣም አጭር አንቴና ነው። የጨረራ ሬዚስታንሱ 0.64 ኦም፣ አቅሙ (ካፓሲታንሱ) 290 ፒኮፋራድ ያህል ይወጣል። ለማስተካከል 390 ማይክሮሄንሪ ኮይል ያስፈልጋል። በ160 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ላይ ባለ 1.5 ካሬ የቤት ሽቦ አጠጋግቶ 65 ዙር መጠምጠም ወደ 400 ይሰጣል፤ ሽቦው 34 ሜትር ያህል ይፈጃል። 70 ዙር ጠምጥሙና በየ5 ዙሩ መውጫ አበጁለት።

በአንቴናው ውስጥ 0.72 አምፔር ሲያልፍ 1 ዋት ውጤታማ የጨረራ ኃይል (በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚያሰራጭ አንቴና ጋር ሲነጻጸር) ላይ ደርሰናል። የመሬቱና የኮይሉ ኪሳራ 40 ኦም ከሆነ ከማሰራጫው 21 ዋት መውጣት አለበት። በኮይሉ ጫፍ ግን ከ800 ቮልት በላይ ስላለ ማንም እንዳይነካው ይታጠር። የጣሪያው ቆርቆሮ ከመሬት ሽቦው ጋር በደንብ ይታሰር፤ የላላና የዛገ መጋጠሚያ እንደ ዳዮድ እየሠራ ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲውን ብዜት) ይፈጥራል። ሁለተኛው ሃርሞኒክ 951.4 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ መሐል ነው። ዝቅተኛ አሳላፊ ፊልተር ሳይገባ ማሰራጫው እንዳይበራ እለምናለሁ። ዝናብ አቅሙን በ5 ፒኮፋራድ ቢጨምር ማስተካከያው 4 ኪሎኸርዝ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ አምፔር መለኪያው በቋሚነት እዚያው ይቀመጥ።

ከፈቃድ ጉዳይ፦
ከ472 እስከ 479 ኪሎኸርዝ ለአማተር የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ ሲሆን በሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም ዋናዎቹን ተጠቃሚዎች እንዳያውክ ተብሎ ነው። 5 ዋት የሚፈቀደው ከተዘረዘሩ አገሮች ድንበር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ለራቀ ቦታ ነው። ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ሱዳን በዝርዝሩ ስላሉ እኛ 1 ዋት ላይ እንቆያለን። በእነዚህ አገሮች ውስጥ አማተር በዚህ ባንድ ማሰራጨት አይችልም፤ ታጁራና ዲክሂል መቀበያ ብቻ ይሁኑ፤ ዕቃው ድንበር ሲያልፍም በዝርዝርና በደብዳቤ ይሁን። ለአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ እንጠይቃለን።

ከመስክ ሥራ፦
ለምን ባሕር ፍለጋ እንሻገራለን? ሻላ ሐይቅ ሶዳማና ጨዋማ ነው፤ ርዝመቱም ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀን ቀን የመሬቱን ሞገድ (በምድር ገጽ ላይ የሚጓዘውን) ብቻ መለካት ይቻላል፤ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የአዮኖስፌር ታችኛው ክፍል የሆነው የዲ ንብርብር የሰማዩን ሞገድ ስለሚውጠው ውጤቱ አይበረዝም።

ከስርጭት ጥናት ክፍል፦
ኢንጂነር፣ ይህ ከሁሉም የተሻለ ሐሳብ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ግን መቀየር አለበት። በ475 ኪሎኸርዝ 25 ኪሎ ሜትር መካከለኛ የብስ (0.005 ሲመንስ በሜትር) የሚያሳጣው 2.5 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ በልኬት ስሕተት ውስጥ ይጠፋል። በ1.85 ሜጋኸርዝ ግን ያው የብስ 23 ዴሲቤል ያሳጣል፤ ጨዋማ ውሃ ምንም አያሳጣም ማለት ይቻላል። 1 ዋት ብናሰራጭ በሐይቁ ላይ 219፣ በየብሱ ላይ 15 ማይክሮቮልት በሜትር እንጠብቃለን። ምክንያቱ የመሬቱ ኪሳራ የሚወሰነው ርቀቱ በሞገድ ርዝመት ሲለካና አስተላላፊነቱ በፍሪኩዌንሲ ሲመዘን መሆኑ ነው፤ በባሕር ውሃ ላይ ሞገዱ በ475 ኪሎኸርዝ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው 33 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከለኛ አፈር ግን 10 ሜትር ነው።

መጀመሪያ የሐይቁን አስተላላፊነት በመለኪያ እንወቅ። ዝዋይ ንጹህ ውሃ ስለሆነ አይተካውም። ማሰራጫው ከውሃው ጠርዝ ጥቂት ሜትር ብቻ ይራቅ፤ የመሬት ሽቦዎቹ ውሃ ውስጥ ይግቡ። በሌላ ቀን ማሰራጫውን 5 ኪሎ ሜትር ወደ የብሱ አርቀን፣ ሞገዱ ከየብስ ወደ ውሃ ሲሻገር መስኩ መልሶ ከፍ ማለቱን እንለካ፤ የሬዲዮ ሞገድ ተመራማሪው ሚሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳየው ይህንን ነው።

ከፈቃድ ጉዳይ፦
ከ1830 ኪሎኸርዝ በታች ያለው የባንዱ ክፍል እኛ አገር ለቋሚና ተንቀሳቃሽ አገልግሎት ስለሆነ 1838 ላይ እንሁን። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነውና የፓርኩም ፈቃድ በጊዜ ይጠየቅ።

ጸሐፊ፦
እንዲህ አስተካክያለሁ። ክፍል አንድ ሻላ፣ በ1838 ኪሎኸርዝ፣ የቀን ልኬት። ክፍል ሁለት ከአዲስ አበባ በ475.7፣ መቀበያ ታጁራ፣ ዲክሂልና መቀሌ፣ 30 ሌሊት። ሐረር ወጥታለች። የመለኪያ ክፍል የሦስቱን ሉፕ የዕቃ ዝርዝር እስከ ሰኞ ይላክልኝ፤ የአንቴና ክፍል ለሻላው የ10 ሜትር ምሰሶ ኮይሉን ያስላ። የሚቀረው የሻላው የየብስ መስመር በየትኛው ዳርቻ ይሁን የሚለው ነው፤ አካባቢውን የሚያውቅ አባል መኪና የሚገባበትን ወገን ይጠቁመን።