ነሐሴ ላይ እናቴን ይዤ ሃንጋሪ፣ ኤገር ልሄድ ነው። ጾም ነው፣ ጉልበቷም ያማታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የፔሽቱ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡዳፔሽት በስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ስኮላርሺፕ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። እናቴ ቪዛዋ ወጥቶ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ልትመጣ ነው። አብሮኝ የሚማር የኤገር ልጅ አለ፤ ወላጆቹ "እናትህን ይዘህ ቅዳሜ ምሳ እኛ ጋ ና" ብለውኛል። ደስ ብሎኛል፣ ግን ትንሽ ጨንቆኛል። እማዬ ፍልሰታን አጥብቃ ነው የምትጾመው። ደረጃ አትችልም። ባዶ እጇን ሰው ቤት መግባት ደግሞ ሞቷ ነው፤ ከአሁኑ ጀበናና እጣን ሻንጣ ውስጥ ከትታለች። ከተማው ውስጥ ሳትደክም ምን ታያለች? ምን ትበላለች? ምን ይዘን እንሂድ? ጾሙንስ ለሰዎቹ እንዴት ልንገራቸው?

የሰባተኛው ወረዳ ልጅ፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። መጀመሪያ መጓጓዣውን ልንገርህ። ባቡር ከኬሌቲ ጣቢያ አለ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ግን የኤገር ባቡር ጣቢያ ከመሃል ከተማው ራቅ ስለሚል ለጉልበቷ አውቶቡሱ ይሻላል። ፑሽካሽ ስታዲየም ከሚባለው መናኸሪያ ነው የሚነሳው፣ በቀዩ ሜትሮ ትደርሳለህ። ጊዜው ያው ነው፤ የሚያወርድህ ግን ትልቁ ካቴድራል ጀርባ ነው። አንተ የተማሪ ካርድህን አትርሳ፣ ግማሽ ዋጋ ነው የምትከፍለው።

የምታዩትን በተመለከተ፣ ከካቴድራሉ ጀምሩ። በ1830ዎቹ የተሠራ ነው፣ በሃንጋሪ ካሉት ትልልቅ ቤተ ክርስቲያኖች አንዱ። ፊት ለፊቱ ሰፊ ደረጃ አለው፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። በበጋ ወራት ወደ እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ኦርጋን ይጫወታሉ፤ እሷ ቁጭ ብላ ታርፋለች፣ አንተም ታርፋለህ። ከዚያ ወደ ዶቦ አደባባይ በእግር ሜዳ ሜዳውን ነው። ሚናሬቱን፣ የድሮውን የመስጊድ ማማ፣ ከታች አሳያትና እለፉ። 40 ሜትር ነው፣ ወደ 100 የሚጠጋ ደረጃ አለው፤ መውጫው ከመጥበቡ የተነሳ ትከሻህ ድንጋዩን እየታከከ ነው የምትወጣው። ከላይ የሚወርድ ሰው ካጋጠመህማ መተላለፍ የለም፣ አንዳችሁ ወደኋላ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ምሽጉን እንዳትዘል። መውጫው የተነጠፈ ድንጋይ ነው፣ ዳገትም አለው፣ ግን እያረፉ ይወጣል። እናትህ ታሪኩን ከሰማች ራሷ ናት "እንውጣ" የምትልህ። በ1552 የኦቶማን ጦር ኤገርን ከበበ። ውስጥ የነበሩት ሴትና ሕፃን ሳይቀር ተቆጥረው 2,000 ገደማ ነበሩ፤ ከውጭ የመጣው ጦር ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠር። አዛዡ ኢሽትቫን ዶቦ ይባላል፣ አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት የሱ ነው። ከአንድ ወር በላይ ተዋጉ። ሴቶቹ ቅጥሩ ላይ ወጥተው የፈላ ውሃና ቅጥራን በሚወጣው ወታደር ላይ ያፈሱ ነበር ይባላል፤ ጌርጌይ ቦርኔሚሳ የሚባል መኮንን ደግሞ ባሩድ የጠቀጠቀበትን የወፍጮ መንኮራኩር እያነደደ ቁልቁል ይለቅ ነበር። ጥቅምት ላይ ከበባው ተነሳ። ሰው የሚያወራው እስከዚህ ድረስ ነው። ግን በ1596 ኦቶማኖች ተመልሰው መጥተው ያዙት፣ እስከ 1687ም ቆዩበት። ሚናሬቱ የዚያ ዘመን ነው። መስጊዱ በ1841 ፈርሷል፣ ማማው ብቻውን ቀረ።

ሌላው ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው ሊሴዩም ነው። ጳጳሱ ካሮይ ኤስተርሃዚ ዩኒቨርሲቲ ላደርገው ብሎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ሕንፃ ነው፤ ፈቃዱን ሳያገኝ ሞተ። ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ የትሬንቶ ጉባኤ፣ የካቶሊኮች ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ ተሥሏል። ጣሪያው ለጥ ያለ ነው፣ ግን ከሥዕሉ የተነሳ ሽቅብ የተመዘዘ ቅስት ይመስላል። ማማው ላይ በ1776 የተሠራ ካሜራ ኦብስኩራ አለ። ጨለማ ክፍል ነው፣ መሃሉ ላይ ነጭ ክብ ጠረጴዛ። አስጎብኚው ከላይ ያለውን መስታወት ሲያዞረው ከተማው በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ይመጣል፣ መኪናው ሲሄድ፣ ሰዉ ሲሻገር ታያለህ። ለሷ ደረጃው ይበዛባታል። እሷን ካፌ አስቀምጠህ አንተ ግን ሮጥ ብለህ እየው።

ቡና ጠጪዋ፦
እኔ ያገባሁት ሃንጋሪያዊ ነው፣ አማቶቼም ገጠር ናቸው፣ ስለዚህ ግብዣውን ለኔ ተዉልኝ። ጾሙን ዛሬውኑ ንገራቸው፣ ምሳው ላይ እንዳትናገር! ሴትየዋ ከዋዜማው ጀምራ ነው የምታበስለው። ቀርቦ "አልበላም" ካልክ ቅር ይላታል፤ ቀድማ ካወቀች ግን እንደ ክብር ነው የምትቆጥረው። "ቬጋን" በለው፣ ይገባቸዋል። "ጾም" ብቻ ካልክ ሥጋ ትተው ዓሣ ወይ አይብ ያቀርባሉ፣ የነሱ ጾም እንደዚያ ነው። ይህችን ጻፍና ለጓደኛህ ላክለት፦ ሁሽ፣ ቴይ፣ ቶያሽ ኔልክዩል። ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው።

ሌቾ ይሥሩላት። ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በፓፕሪካ የተቁላላ ነው፣ ቋሊማውን ትተው በዘይት ከሠሩት ያው የኛ ስልስ በለው። ነሐሴ ላይ ሐብሐቡም ኮኩም አለ። ቀዝቃዛ የፍራፍሬ ሾርባ ካቀረቡ ተጠንቀቁ፣ ክሬም አለበት።

ደግሞ ቅዳሜ መሆኑ እንዴት እንደቀናችሁ! በአዘቦት ቀን ቢሆን እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም ትልህ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ምሳ የሚበሉት በኛ ልክ 6 ሰዓት ላይ ነው። በሐበሻ ቀጠሮ እንዳትሄዱባቸው፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ሴትየዋም አብራ።

ስጦታ አበባ ይበቃል። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፣ ክሪዛንቲመም አይሁን፣ እሱ የመቃብር ነው። ቡናዋን ጨምሩበት። በር ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ጫማ ይሰጧችኋል። ከዚያ አባትየው ፓሊንካ ይዞ ይመጣል። በጣም ኃይለኛ ነው፣ የኛ አረቄ ዘመድ። እሷ "አልጠጣም" ብትል ሁለት ሦስቴ "በሞቴ" ዓይነት ይለምኗታል፣ በዕድሜዋ ግን አያስገድዷትም። አንተ ላይ ግን ይበረታሉ። ስታጋጩ ዓይን ዓይን እያያችሁ። ቢራ ከሆነ አንዳንዱ አያጋጭም፤ በ1849 ኦስትሪያዎች 13 የሃንጋሪ ጄኔራሎችን ገድለው ቢራ አጋጩ ይባላል፣ ቂሙ ከዚያ ነው። ወጣቶቹ ትተውታል፣ አንተ ግን አባትየውን እያየህ አድርግ።

ኡሙ ሀያት፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሙስሊሞችም ይጠቅማል። ዢር የሚባለውን ጠይቁ። የአሳማ ስብ ነው፣ አትክልት ነው ብለው በሚያቀርቡት ውስጥም ሊገባ ይችላል። ከወይን ጋር የሚያቀርቡት ፖጋቻ የሚባል ትንሽ ጨው ያለው ቂጣ አለ፣ እሱም ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ወይ አይብ ነው ያለበት። "በዘይት ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ እኔ ሁሌ እጠይቃለሁ፣ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። አባትየው ወደ ወይን ጓዳዎቹ ሸለቆ ልውሰዳችሁ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ኤገር በቀይ ወይኗ ናት የምትታወቀው። ካልጠጣችሁም ሂዱ፣ ጓዳው ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፣ በነሐሴ ሙቀት ውስጡ ይቀዘቅዛል። ለእማማ ሹራብ ያዙላት።

የሰባተኛው ወረዳ ልጅ፦
ካደራችሁ ደግሞ በማግስቱ ኤገርሳሎክ ውሰዳት። ከኤገር በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ከመሬት ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ የሚወጣ ፍል ውሃ አለ፣ ማዕድኑ እየረጋ ነጭ ኮረብታ ሠርቷል። ከጎኑ ባለው መታጠቢያ ውሃው ቀዝቀዝ ተደርጎ ነው የሚገባበት። ለጉልበት የሚሄዱ አሮጊቶች ሞልተዋል፣ እማማም ጓደኛ አታጣም። ብቻ ከነሐሴ 14 ራቁ፣ በፈረንጁ ኦገስት 20 ነው፣ ብሔራዊ በዓላቸው ስለሆነ ሱቅ ይዘጋል፣ ባቡሩም አውቶቡሱም ጢም ይላል።

የፔሽቱ ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ለጓደኛዬ አሁን ላክሁለት፣ "እናቴ ሌቾ እሠራለሁ ብላለች" ብሎ መለሰልኝ። አንድ ቀረችኝ። እማዬ እዚያው ቤታቸው ቡና ላፍላ ትላለች። ይሆናል?

ቡና ጠጪዋ፦
ይሆናል፣ እንዲያውም ያብዳሉ። ግን ሁለት ነገር ጠይቅ። ምድጃቸው ኢንዳክሽን (በማግኔት ብረት ድስት ብቻ የሚያሞቀው) ከሆነ የሸክላ ጀበና አያሞቅም፣ በጋዝ ወይ በተራ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ኢንዳክሽን ከሆነ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ምድጃ ከጓደኞችህ ተዋስና ይዘህ ሂድ። እጣኑን ደግሞ ጓሮ ካላቸው ጓሮ፣ ከሌላቸው መስኮት ከፍታችሁ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ጎረቤቱ በሙሉ ነው የሚወጣው። ቡናውንም ቤት ቆልታችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ እዚያ መውቀጥና ማፍላት ብቻ ይቀራችኋል።

ጡረተኛው፦
ሙቀጫዋን ግን አውቶቡስ ላይ እቅፍህ ውስጥ ያዛት፣ ከላይ መደርደሪያው ላይ እንዳታደርጋት።